ጠመንጃው በሣጥን ይሁን ተባለ

ብዙ ዓመት ዜና ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሥራዬ የተማርኩት ነገር ቢኖር ያላየሁትን አለማውራት፣ ያየሁትንም ሳልጨምር መናገር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምታነቡት የተጋነነ ቢመስላችሁ፣ እኔ እንዲያውም ቀንሼ እንደጻፍኩት እወቁልኝ።

መቐለ ውስጥ ሓወልቲ አካባቢ ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ አያ ሓጎስ ይባላሉ። በጉልምስናቸው የአደን መሪ ነበሩ። ፈቃድ ያለው አዳኝ ከውጭ ሲመጣ ባሌ ድረስ ይወርዱና የደጋ አጋዘን ዱካ እየተከተሉ ሰውየውን አጋዘኑ ፊት ያደርሱታል። መሪ የራሱ ጠመንጃ ከሌለው አይቀጠርም፤ የቆሰለ አውሬ ዞሮ ቢመጣ እንግዳውን የሚያተርፈው እሱ ነው። የአያ ሓጎስ ጠመንጃ ፈቃድ ያለው፣ እንጨቱ በእጅ ብዛት የጠቆረ አሮጌ መሣሪያ ነው። በጦርነቱ ዓመታት የት እንደነበረ አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር።

"ተኝቶ ነበር" አሉኝ።

ከጦርነቱ ወዲህ ለአደን የጠራቸው ሰው አልነበረም። በቅርቡ ግን አቶ ደረጀ የተባሉ የአደን ድርጅት ባለቤት ከአዲስ አበባ ደወሉ። እንግዳ መጥቷል፤ ሐሙስ ጠዋት በሚነሣው አውሮፕላን ከነጠመንጃዎ ይምጡ፤ በዚያ ካልመጡ ተሰማ የሚባል ሌላ መሪ ተዘጋጅቶ ቆሟል፣ እሱን ይዤ እሄዳለሁ አሏቸው። አያ ሓጎስ ስልኩን ዘግተው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"አንድ አደን ብቻ፣ ዝወደይ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። "ከዚያ በኋላ በሬ ላይ ተቀምጬ መንገደኛ እቆጥራለሁ።"

እኔም ስለ አደኑ ልጽፍ አብሬያቸው እንድሄድ ተስማማን። የጉዞውን ጣጣ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ "አየር መንገድ የሚሉትን ነገር አንተ ታውቃለህ" አሉኛ። ደውዬ ጠየቅሁ። ጠመንጃው ጥይት እንዳይኖረው፣ ማቀባበያው ወልቆ ለብቻው እንዲቀመጥ፣ ጥይቱ በሌላ ዕቃ እንዲሆን፣ ጠመንጃው ደግሞ በማይታጠፍ፣ በሚቆለፍ ሣጥን እንዲገባ፣ አውሮፕላን ማረፊያው መግቢያ ላይም እንዲመዘገብ ተነገረኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። በዚህ በኩል እንከን የለብኝም።

ችግሩ ሣጥኑ ነው። በመቐለ ሱቅ ገብቶ "የጠመንጃ ማስቀመጫ ይኖርሃል?" ብሎ መጠየቅ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ሞክሬ አየሁት። ባለሱቁ መጀመሪያ ከኋላዬ ማን እንዳለ ያያል። ከዚያ ስለ ስኳር መጥፋት ያወራኛል። አንዱማ ጥያቄዬን እንዳልሰማ ሆኖ ሱቁን ዘግቶ ወጣ፤ እኔ ገና ውስጥ ነበርኩ።

ማታውን ሰይድ ትዝ አለኝ። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ መቐለ ከመጣ ቆይቷል፤ አናጢ ነው። ድሮ በርና መስኮት ይሠራ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ በር የሚያሠራ ሰው ጠፋና ወደ ሬሳ ሣጥን ዞረ፤ እዚያው ቀረ። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ይሆናል። ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ስደውልለት ግን የታየኝ እጁ እንጂ ሥራው አልነበረም።

"ሰይድ፣ አንድ ሣጥን ፈልጌ ነበር" አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አብሽር ጋሼ። ቁመቱስ?" አለኝ።

ቁመቱን ነገርኩት።

"አጭር ነው" አለ፤ አዝኖ።

"አዎ። ውስጡ ለስለስ ይበል፣ እንዳይጎዳ። ውጩ ግን ጠንካራ ይሁን፣ ሩቅ ነው የሚሄደው። ደግሞ ለነገ ጠዋት ነው የምፈልገው።"

"ሁሉም ለነገ ጠዋት ነው የሚለው።"

"መቆለፊያም ይኑረው።"

እዚህ ላይ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። "መቆለፊያ?" አለኝ ቆይቶ።

"ግዴታ ነው። ካልተቆለፈ አይቀበሉትም።"

"እነማን ናቸው የማይቀበሉት?"

"አየር መንገዱ ነዋ።"

"ኢንናሊላሂ" አለና ስልኩን ዘጋው።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ስደርስ ሰይድ የለም፤ ሣጥኑን ለጎረቤት ሰጥቶ ወጥቷል። ጎረቤቱ ሊያስረክበኝ ተነሥቶ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ሣጥኑ ሐምራዊ ከፋይ ለብሷል። ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። ክዳኑ ላይ የቆርቆሮ መስቀል ተመትቷል። ሰይድ ሙስሊም ነው፤ ነገር ግን ደንበኞቹ ሁሉ መስቀል ስለሚያዙት እጁ ለምዶ ሳይጠየቅ ይመታል። ከጎኑ፣ ልክ እንዳዘዝኩት፣ መቆለፊያ ተንጠልጥሏል።

ይዤው ቤት ገባሁ። አያ ሓጎስ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጠመንጃቸውን ወልውለው ይጠብቁኛል። ሣጥኑን አዩት። እኔን አዩኝ። እንደገና ሣጥኑን አዩት። ከፈቱት። ውስጡ ነጭ ሳቲን ነው፤ በአንድ ጫፍ ትንሽ ትራስ አለች።

"መስቀሉን በጉጠት ልንቀለው?" አልኩ።

"መስቀል የምትነቅል አንተ ማን ነህ?" አሉኝ። ሌላ ሣጥን የምናሠራበት ጊዜ አልነበረንም። ሰደፉን ትራሷ ላይ አስተኙና አፈሙዙን በሳቲኑ ሸፈኑት። "ይመቸዋል" አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም።

መስቀሉ እንዳይታይ ጋቢ ላልብሰው ያልኩት እኔ ነኝ። ጋቢ የለበሰ ትንሽ ሣጥን ከተራቆተው የባሰ እንደሚያስፈራ በወቅቱ አላሰብኩም።

ባጃጅ አቆምን። ሾፌሩ ክብሮም የሚባል፣ ሙዚቃውን እስከ ጥግ የከፈተ ሰው ነው። ሣጥኑን ሲያይ ሙዚቃውን አጠፋ። ወርዶ በሁለት እጁ ተቀበለንና በአያ ሓጎስና በእኔ ጭን ላይ አጋደመው። የጥይቱን ሻንጣ እግሬ ሥር አደረግሁ። "ወዴት ናችሁ?" አላለንም፤ "ጽንዓት ይሃብኩም" አለን፤ ብርታቱን ይስጣችሁ ማለት ነው።

"አውሮፕላን ማረፊያ፤ ትንሽ ፈጠን ብትልልን" አልኩት።

በመስተዋቱ ረዘም አድርጎ አየኝ። ከዚያ ባጃጅ በተፈጥሮው ይሄዳል ብዬ በማላምነው ዝግታ ይጎተት ጀመር።

አሁን ለምን እውነቱን አልነገርከውም ትሉኛላችሁ። ለማታውቁት ባለባጃጅ፣ በዚህ ከተማ፣ በጠዋት፣ "ጭናችን ላይ ያለው ጠመንጃ ነው" ብላችሁ ንገሩትና የሚሆነውን እዩ። በዚያ ላይ ትግርኛዬ ለገበያና ለቃለ መጠይቅ ይበቃኛል፤ ለእንዲህ ያለ ማብራሪያ ግን አልተዘጋጀም። እናም ዝም አልኩ። ዝምታችን ደግሞ የበለጠ ሐዘንተኛ አስመሰለን።

የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች አውቶቡስ የሚጠብቁበት ጋ ስንደርስ ሳቃቸው ከሩቅ ይሰማ ነበር። ስንቀርብ ተቋረጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ቆሙ። ነፋሱም ቆመ ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ነፋሱ አልቆመም፣ እንደ ወትሮው አቧራ ያነሣ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው። አቧራው ዓይናቸው ውስጥ እየገባ አንድም ሰው አላሻሸም።

ኮረኮንች ላይ ስንወጣ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ነገር "ኳ" አለ።

ክብሮም ፍሬን ያዘ። ሦስታችንም ሣጥኑን አየን። ቁልፉ ከውጭ ነው፤ የሚንኳኳው ከውስጥ። እኔ ራሴ፣ የተኛው ማን እንደሆነ የማውቀው ሰውዬ፣ ፀጉሬ ቆመ።

"ምንም አይደለም፤ ውስጡ ያለው ብረት ነው" አልኩት ላረጋጋው።

ክብሮም ራሱን ነቀነቀ። "አውቃለሁ" አለ። "ወንድሜም ከነብረቱ ነው የሄደው። ሳያወጡለት።" ከዚያ የበለጠ ቀስ ብሎ ነዳ፤ እንዳይነቃነቅበት።

የአያ ሓጎስ ስልክ ጮኸ። አቶ ደረጀ ናቸው። አያ ሓጎስ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው "መንገድ ላይ ነን" አሉ በሹክሹክታ።

"ምነው ያንሾካሹካሉ?" የሚለው ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል።

"ሰው አለ።"

"የት?"

አያ ሓጎስ ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩና ስልኩን ዘጉ። እኔም ዞርኩ። ከኋላችን ባጃጆች ተሰልፈዋል። በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተዋል። ከባጃጆቹ ኋላ አንድ ሚኒባስ፣ ከሚኒባሱ ኋላ ደግሞ የጭነት መኪና። ማንም ጥሩንባ አይነፋ፣ ማንም አይቀድመን። ከመካከላቸው አንድም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ጉዳይ ያለው አልነበረም። ቃላሚኖ አካባቢ ስንደርስ ጫፋቸውን ማየት አቃተኝ።

"አያ ሓጎስ፣ አውሮፕላኑ ያመልጠናል" አልኩ።

"ሬሳ የጫነ ሰው ፍጠን ይባላል እንዴ?" አሉኝ። ከዚያ ምን እንዳሉ ገባቸውና ጢማቸውን ዳሰሱ። "እኔም ረሳሁት እኮ" አሉ ቀስ ብለው። እጃቸው ግን ከጋቢው ላይ አልተነሣም።

አውሮፕላን ማረፊያው መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ጠመንጃው ተፈትሾ የሚመዘገበው እዚያ ነው፤ ሳይመዘገብ ውስጥ አይቀበሉትም። ጠባቂው ጎልማሳ ነው። ገመዱን አወረደልን፣ ቆቡን አወለቀ፣ "ሕለፉ" አለን።

"ፈትሸን እንጂ" አልኩት።

"ሕለፉ ጋሼ።"

በሥራ ዘመኔ ላለመፈተሽ የሚለምን ሰው ብዙ አይቻለሁ። ፈትሹኝ ብሎ የለመነ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከባጃጁ ወርጄ የፈቃዱን ወረቀት ዘረጋሁለት። አላየውም። ጠጋ ብዬ በጆሮው ነገርኩት፤ "ጠመንጃ ነው።"

ትከሻዬን ያዘኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያዘነልኝ ይመስላል። "ሐዘን ነው" አለኝ። "ሰው በሐዘን ብዙ ይናገራል። አንድ አባት እንዲህ ያለ ሣጥን ይዞ መጥቶ መጻሕፍት ናቸው አለኝ። ሥራዬ ነው ብዬ ከፈትኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ አልከፍትም።"

አያ ሓጎስ ወረዱ። ሣጥኑን ከክብሮም ጋር ሆነው መሬት ላይ አስቀመጡት። ጋቢውን ገፈፉና ቁልፉን ከካፖርታቸው አወጡ። ያን ጊዜ ከኋላ ያሉት ባጃጆች ሞተራቸውን አጠፉ፤ ሰው እየወረደ መጣ። ከፊት የቆመች ጥቁር የለበሰች ሴት ነበረች። ጠባቂው ያውቃታል መሰለኝ፤ "አደይ ለተብርሃን፣ ይቅርብሽ" አላት፤ አደይ እናቴ ማለት ነው።

እሷ አልሰማችውም። አያ ሓጎስን "መን እዩ?" አለቻቸው። ማን ነው?

ያ ሁሉ ሰው የተከተለን ይህን ለመጠየቅ እንደነበረ ያኔ ገባኝ። መልስ ለመስጠት አፌን ከፈትኩ።

"ማንም አይደለም እናቴ" አልኩ በአማርኛ።

"ማንም የሚባል ሰው የለም" አለችኝ እሷም በአማርኛ። ከዚያ ለአያ ሓጎስ፤ "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የኔ ልጅ መርድኡ መጣ፣ ሞተ ተባልኩ። ዐፅሙ ግን አልመጣም። ሣጥን ባለፈ ቁጥር እከተላለሁ።"

"ያለፈውን ሁሉ?" አሏት።

"ያለፈውን ሁሉ።"

አያ ሓጎስ ቁልፉን አዙረው ክዳኑን አነሡት።

ጠመንጃው ነጩ ሳቲን ላይ፣ ሰደፉ በትራሱ፣ አፈሙዙ ተሸፍኖ ተኝቷል። ሰው ይሸሻል፣ ይጮኻል፣ ጠባቂው መሣሪያውን ያነሣል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልሆነም። ጠባቂው እንዲያውም ረጅም ትንፋሽ አወጣ፣ ከትከሻው ላይ አንድ ነገር የወረደለት ያህል።

አደይ ለተብርሃን ተንበረከከች። "ሰው ነክቷል?" አለች።

"አራዊት ብቻ፣ ሓፍተይ" አሏት አያ ሓጎስ፤ እህቴ ማለታቸው ነው።

ትራሱን አቃናችው። "በኛ ደንብ" አለች ለማንም ሳይሆን፣ "ሬሳው ከቀረ ጠመንጃው መሐል ተቀምጦ ይለቀስበታል። የልጄ ጠመንጃም አብሮት ቀረ። ልብሱ ላይ አለቀስኩ። ልብሱ ልጅ እያለ የለበሰው ነው፣ ትንሽ ነው።" አያ ሓጎስን ቀና ብላ አየቻቸው። "ይህን አንድ ጊዜ አውሰኝ።"

ይህን ስትል ጠባቂው ወደ ልቡ ተመለሰ። ፈቃዱን ከእጄ ወሰደና ፈጥኖ አየው፤ መዘገበው። "አባ፣ ትክክል ነው" አላቸው ለአያ ሓጎስ። "አሁን ከዘጋችሁት ትደርሳላችሁ። የመሳፈሪያውን በር ገና አልዘጉም። ፍጠኑ።"

አያ ሓጎስ የክዳኑን ጫፍ ይዘው ቆሙ። ለመዝጋት የሴትዮዋን እጅ ከሳቲኑ ላይ ማንሣት ነበረባቸው። እኔም ቆምኩ። በሕይወቴ ሰው ሐሳቡን ሲወስን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ ያወራሉ፣ ይምላሉ፣ ይቆጣሉ። እሳቸው ክዳኑን ቀስ ብለው ወደ ኋላ አጋደሙት፤ መስቀሉ መሬት እንዳይነካ ጋቢውን ከሥሩ አነጠፉና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። የልጅዋን ስም ጠራች፣ ምን ይወድ እንደነበር ተናገረች። ከጨረሰች በኋላ ከሕዝቡ አንዲት ሌላ ሴት መጣችና ተንበረከከች፤ ሌላ ስም ጠራች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ ከጭነት መኪናው የወረደው ሾፌር። ክብሮምም ሄደና የወንድሙን ስም ተናገረ። ተራ የያዘ፣ የተጋፋ፣ ያዘዘ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ ሲጨርስ ትራሱን ያቃናል። እኔም ስም እንድጠራ የሚጠብቅ እንዳለ ሳይ ዓይኔን ሰበርኩ፤ ብዙ ስም ሰምቼ የጻፍኩ ሰው ነኝ፣ አንድ እንኳ አልመጣልኝም።

ያኔ ነው አውሮፕላኑ የተነሣው። በላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ያ ሁሉ ሰው፣ ጠባቂው ጭምር፣ እኔም ጭምር፣ ወደ መሬት ጎንበስ አለ። ሰላም ከሆነ ቆይቷል፤ ወገባችን ግን አልሰማም። ያልጎነበሱት ሁለት ናቸው። አደይ ለተብርሃን ሣጥኑ ላይ ነበረች። አያ ሓጎስ ደግሞ ቀና ብለው፣ በእጃቸው ፀሐዩን ከልለው፣ እስኪጠፋ ድረስ ተከተሉት። ዱካ የሚያነቡ ይመስሉ ነበር።

ስልካቸው ጮኸ። ይህን ጊዜ አላንሾካሾኩም።

"ተሳፈሩ?" አሉ አቶ ደረጀ።

"አልተሳፈርኩም። ተሰማን ይዘህ ሂድ።"

"ምን ማለትዎ ነው? ስንት ዓመት የጠበቁት ሥራ አይደል እንዴ? ምን አጋጠመዎት?"

"ለቅሶ ላይ ነኝ።"

ከወዲያ በኩል ድምፁ ወዲያው ተለወጠ። ለቅሶ ከተባለ በኋላ በአገራችን የሚከራከር ሰው የለም። "ይቅርታ፣ አላወቅሁም" አሉ አቶ ደረጀ። "ማን ሞቶብዎት ነው?"

አያ ሓጎስ ሣጥኑን አዩ። ዙሪያውን የቆመውን ሰው አዩ። ከመንገዱ ታች ሌላ ባጃጅ መብራቱን አብርቶ እየመጣ ነበር።

"ገና አልታወቀም" አሉ።